መረብ የበጠሰው አማች

ቆቦ ውስጥ ድሮ ኳስ ተጫዋች ያልነበረ ወንድ አይገኝም። ሻይ ቤት ገብተህ ካሻህ ሰው ጎን ብትቀመጥ፣ ስኳሩን አማስሎ ሳይጨርስ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳይሃል። ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ ለብሔራዊ ቡድን ይደርስ ነበር። አንዱን ጉልበቱ አስቀርቶታል፣ ሌላውን ሚስቱ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ዓይኑ የማያይ ዳኛ። ይህን ሁሉ ሰምተህ ስትወጣ አገሪቱ ዋንጫ ያጣችው በቆቦ ሰው ጉልበት ምክንያት ይመስልሃል።

ከዚህ ሁሉ ጉልበተ ሰባራ መሃል የኳስ ደመወዝ በልቶ የኖረ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ስለ ኳስ ትንፍሽ አይልም። ስሙ ኦድቫር ነው፤ አገሩ ኖርዌይ። ቁመቱ ከበር ጉበን ጋር ስላጣላው ግንባሩ ላይ አንድ እብጠት አይጠፋም። የሮቢት ሽማግሌዎች «ኦዳ» ይሉታል፤ በአባቶቻቸው ኦሮምኛ ዋርካ ማለታቸው ነው። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በራያ ሜዳ ላይ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍርና ፓምፕ ሲጠግን ነው የኖረው። ፀሐዩ ፊቱን እንደ በርበሬ አቅልቶታል፤ አማርኛው ከእኛ የሚያንስበት ነገር የለውም፣ ቀስ ከማለቱ በስተቀር። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ሻይህ ይቀዘቅዛል።

የተወለደው ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ ከሰው ይልቅ ዓሣ በሚበዛባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። እሱ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለከተማው ክለብ ፈረመና የግራ ተመላላሽ ሆነ። ተመላላሽ ይባል እንጂ ወደፊት መሄድ ብዙም አይወድም ነበርና ከመመላለሱ መቆሙ ይበልጥ ነበር። ክለቡ በሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚንገዳገድ ደሃ ክለብ ነው። ደመወዝ ሲያጥረው በደረቅ ዓሣ ያካክሳል፤ አንድ ክረምት ሦስት ወር ሙሉ በዓሣ ተከፈለው። ዛሬም ፍስክም ሆነ ጾም፣ ዓሣ ካየ ዘወር ይላል።

እንዲህ አድርጎ አሥራ አራት ዓመት ተጫወተ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ጨዋታ፣ ሃያ ሦስት ቢጫ ካርድ። አንድ ጊዜ በረዶው ከመብዛቱ የተነሣ ኳሷ ሜዳ ውስጥ ጠፍታ በማግስቱ ተገኘች፤ ውጤቱም ዜሮ ለዜሮ ተብሎ ተመዘገበ። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ጉልበቱ ከዳው። የቆቦ ሰዎች ይቅር ይበሉኝና የእሱ ጉልበት እውነት ነው፤ ሐኪም አይቶታል። ከዚያ ወደ አባቱ ሥራ ተመለሰ፤ ጉድጓድ ቁፋሮ ተማረ፤ ውኃ ቆፋሪ ወደሚፈለግበት፣ ከዚያች ከተማ እጅግ ወደራቀ አገር የሚሄድ ሰው ሲጠየቅ ቀድሞ እጁን ያነሣው እሱ ነበር።

ለምን ያን ያህል መራቅ እንደፈለገ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም። ምሥጢሩን ያወጣው የየሻረግ ነገር ነው።

የሻረግ የሮቢት ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበረች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች፣ ምላሷ ቆዳ የሚፍቅ ሴት። አንድ ቀን ኦድቫር በእሷ የውኃ ተራ ፓምፑን ፈትቶ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

«ሽንኩርቴ በጥም ሊሞት ነው፤ አንተ እዚህ ቡሎን ትቆጥራለህ!» ብላ ጀመረች። አባቱን ሳታስቀር፣ ያገሩን በረዶ ሳታስቀር አንድ ሰዓት ያህል ሰደበችው። ኦድቫር ቁልፉን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማት። ስታበቃ፣ ቀስ ብሎ፣

«ልክ… ነሽ፣» አላት።

የሻረግን በዕድሜዋ ሙሉ ወንድ ልክ ነሽ ብሏት አያውቅም። ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያልተበላሸ ፓምፕ ለማየት መምጣት አበዛች። እሱም ያልተበላሸ ፓምፕ መፍታት አበዛ። የሮቢት ሽንኩርት በዚያ ዓመት ብዙ ተጠማ።

በ1996 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሽማግሌ ተላከ። የሽማግሌዎቹ አፍ ካሊድ ነበር፤ ካሊድ የኦድቫር ሾፌር፣ ወዳጅ፣ ጠበቃና መካሪ ነው። የተላኩት ወደ የሻረግ አጎት ወደ አያ አባይ ነው። የሻረግ ገና ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ናቸው። አያ አባይ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል፤ ስማቸው ግን አልደከመም። በወጣትነታቸው ከዞብል ተራራ የወረደ ነብር ገድለዋል። ይህን የማያውቅ ካለ ከእሳቸው ጋር አምስት ደቂቃ ይቀመጥ።

«ማጫ አልፈልግም፣» አሉ አያ አባይ። «በሬም አልፈልግም። ቅላቱንም እችለዋለሁ። ግን ሰውየው ማን ነው? ምን ሠርቷል? በአደባባይ ቆሞ ይፎክርና ልስማው። ላልፎከረ ወንድ ልጄን አልሰጥም።»

«አያ፣ እሱኮ ፈረንጅ ነው፣» አለ ካሊድ።

«ፈረንጅ አፍ የለውም?»

በአያ አባይ ወገን ዘንድ ፉከራ ሕግ አለው። ማጋነን ይፈቀዳል፤ ጅብ ገድለህ ጅቡን በሬ ብታሳክለው የሚከስህ የለም። መዋሸት ግን ነውር ነው። ፎካሪው ገደልኩ፣ ጣልኩ ባለ ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ «የማንን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፎካሪውም የማንን እንደሆነ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ውሸቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ዱላውን ከፎካሪው እግር ሥር ይጥላል። ዱላ የወደቀበት ሰው ይቀመጣል፤ ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ በሰው ፊት ድምፅ የለውም። አይመርቅም፣ አይመሰክርም፣ ሚስት አይጠይቅም፣ ልጅም አይድርም።

ካሊድ ይህን ሁሉ ከሮቢት ወደ ቆቦ ሲመለሱ በመኪና ውስጥ ለኦድቫር አስረዳው። ከፊታቸው የአፋር ግመሎች መንገዱን ዘግተው ስለነበር ጊዜ ሞልቷል።

«እንግዲህ ግጥሙን እኔ እገጥምልሃለሁ፤ አንተ ሥራህን ንገረኝ። ስንት ጎል አገባህ?»

«ተከላካይ ነበርኩ።»

«እሺ፤ ተከላካይ ስንት ያገባል?»

«አንድ።»

«አልሐምዱሊላህ! አንድ ይበቃናል፤ የአያ አባይም ነብር አንድ ነው። ማን ላይ ነው ያገባኸው?»

ኦድቫር ግመሎቹን ትክ ብሎ አያቸው።

«ራሴ ላይ፣» አለ።

ካሊድ ሞተሩን አጠፋ።

የመጨረሻው ዓመት፣ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ክለቡ አቻ ከወጣ ከዲቪዚዮኑ አይወርድም። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ኳሷ ወደ ግራ መስመር ወደ ኦድቫር መጣች። ማንም አላጣደፈውም። ዞር ብሎ ከአርባ ሜትር ወደ በረኛው መለሳት። በረኛው አብሮ አደጉ ነው፤ ኳሷን ሊቀበል ወደፊት ወጥቶ ነበር። ኳሷ በአናቱ ላይ አለፈች፣ አንዴ ነጠረች፣ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ አገሩን እስኪለቅ ድረስ፣ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ይሰጠዋል፣ ሰላምታ ግን አይሰጠውም። ያስተማረችው መምህርት ስታየው መንገድ ትሻገራለች። አብሮ አደጉ አላናገረውም፤ እሱም ሊያናግረው አልደፈረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።

«ሱብሃነላህ!» አለ ካሊድ፤ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ጥቂት አሰበና፣ «መረቡ ግን ተነቃነቀ?»

«ተነቃነቀ።»

«በቃ፤ መረብ መረብ ነው! መረብ በጣሽ ትላለህ፤ ምንም ውሸት የለበትም።»

«አያ አባይ የማንን ብለው ይጠይቃሉ።»

«እዚያች ላይ ስትደርስ ባለቤቴ እልልታውን ትለቀዋለች፤ ሴቶቹ ይከተሏታል። በእልልታ መሃል የማንን የሚል የለም።»

የኦድቫር ሆድ አልተቀበለውም። ሆኖም የሻረግን ይወዳታል፤ ሌላ መንገድ ደግሞ አልታየውም። አያ አባይን አልፈራም። የፈራው እሷን ነው፤ ያችን ጎል ሰምታ እንደዚያች ከተማ ሰዎች ፊቷን እንዳታዞርበት።

ልምምዱ በፓምፕ ቤቱ ሆነ። በጠመንጃ ፋንታ አካፋ ተሰጠው። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝቅ ያለችውን ቆርቆሮ ጣሪያ በግንባሩ እየጎሰመ ዘራፍ አለ። ድምፁ ግን አልሰምር አለ፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያነብ ሰው ይመስል ነበር።

«ተቆጣ እንጂ!» ይላል ካሊድ።

«በማን?»

«በጠላትህ!»

«ጠላት የለኝም።»

«እንግዲያው በእኔ ተቆጣ!»

«አንተማ ጥሩ ሰው ነህ፣» ይላል ኦድቫር አካፋውን እንደሰቀለ። ውኃ ሊቀዱ የመጡ ገበሬዎች ጄሪካናቸውን ገልብጠው ተቀምጠውበት ያዩት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግጥሙን ከእሱ በፊት ያወቁት እነሱ ናቸው፤ ሲረሳ ያቀብሉታል።

ጥር ላይ ቀኑ ደረሰ። በአያ አባይ ግቢ ዳስ ተጣለ። የክርስትናውን ጉዳይ ከቄሱ ጋር አስቀድሞ ጨርሶ ነበርና የቀረው የአጎትየው ቃል ብቻ ነው። እሳቸው «ሰጥቻለሁ» ካሉ ሠርግ ነው፤ ካላሉ ጠላውን ሐዘንተኛ ይጠጣዋል። ሰው ከዋጃና ከጎብዬ ሳይቀር መጥቷል፤ የፈረንጅ ፉከራ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

እንደ ደንቡ አስቀድመው የተነሡት አያ አባይ ናቸው። ዱላቸውን ነቅንቀው፣

«ዘራፍ አባይ፣ የጀግና ልጅ፣
ነብሩን የጣለ በበረት ደጅ!»

«የማንን?» አለ ሰው ሁሉ።

«የዞብሉን!»

ሰው የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ሲሰማ ደስ ይለዋልና ዳሱ ተናጋ። ከዚያ ኦድቫር ተነሣ። ነጭ ኩታ ደርበውለታል፤ ኩታው ለቁመቱ ስላልበቃ የአንገት ልብስ መስሏል። የዳሱ አግዳሚ ግንባሩን መታው። ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ የቆመችውን የሻረግን አየ። ከዚያም ጀመረ።

«ዘራፍ… የግራው መስመር ጌታ፣
አጥቂ የሚያስቆም በታኬታ፣
በረዶ ላይ ሯጭ ጠዋት ማታ፣
መረብ በጣሹ… አንዴ ሲመታ!»

የካሊድ ባለቤት እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተከተሉ። ወንዶቹ ተነሡ፤ ገበሬዎቹ ግጥሙን ደገሙት፤ አንድ ሰው ጠላውን በካሊድ ላይ ደፋ። ካሊድ እየራሰ ሳቀ። ማንም የማንን አላለም። ኦድቫር ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፈ።

ችግሩ የአያ አባይ ጆሮ ነው። «መረብ በጣሹ» ምን እንደሆነ ከጎናቸው ያለውን ሰው ጠይቀው፣ እሱ በጆሯቸው ጮሆ፣ እሳቸው አብሰልስለው እስኪገባቸው ድረስ እልልታው አልቆ ነበር። በዚያ ጸጥታ መሃል አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አሳርፈው፣ በቅንነት፣

«የማንን?» አሉ።

ካሊድ ዓይኑን ጨፈነ። ኦድቫር ግማሽ ተቀምጦ፣ ግማሽ ቆሞ ቀረ። የጠላት ክለብ ስም መጥራት ቀላል ነበር። ኖርዌይ ሄዶ የሚያጣራ ማን አለ? አንድ ስም ምላሱ ላይ መጣ። ከዚያ የሻረግን አየ። ይህችን ሴት አግብቶ፣ በየዓመቱ በየሠርጉ እየተነሣ ያንን ስም ሲጠራ ሊኖር ነው። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አግዳሚው ደግሞ መታው፤ አሁን ግን በእውነት ተቆጣ።

«የራሴን!» ብሎ ጮኸ።

«የራሴን ነው! በግራ እግሬ፣
አርባ ሜትር ያህል ወርውሬ፣
የገዛ ቡድኔን ቀብሬ፣
ያገሬን ሰው ሁሉ አሳፍሬ፣
እዚህ የመጣሁ ዞሬ ዞሬ!»

ካሊድ ይህን አልገጠመም። ማንም አልገጠመውም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆዱ ውስጥ ሲብላላ የኖረ ነው። የአውቶቡስ ሰዓት ድምፁ የት እንደገባ አልታወቀም፤ በረት ያሉት ከብቶች ሳይቀሩ አንገታቸውን አቀኑ። ከዚያ ያለ ግጥም፣ በቀስታ፣ ስለ አብሮ አደጉ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ መንገድ ስለምትሻገረው መምህርት ተናገረ። ሲጨርስ ሰው መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን አያ አባይን እየጠበቀ አፉን ያዘ።

አያ አባይ ተነሡ። ዱላቸውን አነሡ። ዱላው ከኦድቫር እግር ሥር ከወደቀ ነገሩ አበቃ።

«ዱላ የሚጣለው በዋሸ ላይ ነው፣» አሉ። «ይህ ሰው አልዋሸም። ወንድ ልጅ የራሱን መረብ በጠስኩ ብሎ ሲፎክር ሰምቼ አላውቅም። እኔ… እኔ ግን…»

ዱላቸውን ከራሳቸው እግር ሥር ጣሉት።

«ነብር አልነበረም፣» አሉ። «መሽቶ ነበር። በበረቱ ደጅ አንድ ዥጉርጉር ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ተኮስኩ። ሄጄ ሳየው የቤታችን ውሻ ነው። ሻምበል።»

ብለው ቁጭ አሉ። ከጓዳ ጭልፋ ወደቀ።

ሻምበል እትዬ ሙሉ ሲዳሩ ከአባታቸው ቤት ይዘውት የመጡት ውሻ ነበር። ያን ጊዜ አያ አባይ የነገሯቸው፣ ነብሩ ሻምበልን እንደበላውና እሳቸውም ነብሩን ገድለው የሻምበልን ደም እንደመለሱ ነው። በዚህ የተነሣ እትዬ ሙሉ አርባ ዓመት ሙሉ ከድስቱ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለባላቸው ሲያወጡ፣ «ደም መላሼ» ይሏቸው ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ።

«ሻምበልን?» አሉ እትዬ ሙሉ። አርባ ዓመት አንቱ ሲሏቸው የኖሩትን ባላቸውን ያን ቀን አንተ አሏቸው። «ሻምበልን አንተ ነህ የገደልከው? እኔ ለገዳዩ ነው ፍርንባ ሳወጣ የኖርኩት?»

አያ አባይ መልስ መስጠት አልቻሉም። ሕግ ነው፤ ዱላ ወድቆባቸዋል፣ ድምፅ የላቸውም። ይህን በማወቃቸውም ትንሽ እፎይ ያሉ ይመስላል። ካሊድ ግን ደነገጠ፤ ድምፅ የሌለው ሰው ልጅ አይድርም። እንግዳው ተንሾካሾከ፤ አንዱ ሊሄድ ኩታውን ለበሰ።

እትዬ ሙሉ ወደ ኦድቫር ዞሩ።

«አንተ ደግሞ፤ ያንን ነገር በሰው ሁሉ ፊት ለምን አወጣኸው? መዋሸት አቅቶህ ነው?»

«ከባድ ነው፣ እትዬ፣» አለ ኦድቫር። «መሸከሙ።»

እትዬ ሙሉ ባላቸውን አዩ። አያ አባይ ዱላቸው ፊታቸው ተጋድሞ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከትናንቱ አጥረው ተቀምጠዋል። ከዚያ የወደቀውን ጭልፋ አነሡ፣ በነጠላቸው ጠረጉት።

«በዚህ ቤት እውነት ሳልሰማ አርባ ዓመቴ፤ ዛሬ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሰማሁ፣» አሉ። «ሁለቱንም ያመጣኸው አንተ ነህ። ያሳደግኋትም እኔ ነኝ። እሱ ድምፅ ከሌለው እኔ አለኝ፤ ሰጥቻለሁ! አንተ ሽማግሌ ደግሞ ነገ እንነጋገራለን።»

ያን ጊዜ ዳሱ የታፈነውን ሳቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ካሊድ ኦድቫርን ወገቡ ላይ አቀፈው፤ ከዚያ በላይ አይደርስም። ኦድቫር ግን አልሳቀም። እስካሁን የሻረግን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም ነበር። ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ።

የሻረግ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፤ ኩሏ በጉንጯ ወርዷል።

«አርባ ሜትር?» አለችው።

«አርባ።»

«በግራ እግርህ? በረኛው ወጥቶ እያለ? በአናቱ ላይ አሳልፈህ?»

«አዎ፣» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጎበዝ!» አለች የሻረግ፣ ከልቧ።

ያችን ጎል ጎበዝ ያላት ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ኦድቫር፣ ያ ሁሉ ቁመት፣ በኩታው ጫፍ ዓይኑን ሊጠርግ ፈለገ፤ ኩታው ግን አልደረሰለትም፤ የሻረግ በነጠላዋ ጠረገችለት።